የስምንት ሰዓት ዋጋ



ባለፈው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን፥ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ከኋላ ከሚቀመጡት ተማሪዎቼ አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፤ ነገ ትምህርት የማይኖረው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «የዓለም ሠራተኞች ቀን ስለሆነ ነው» አልሁት። ልጁ ግን በዚህ አልረካም። «ሠራተኞቹ በዚያ ቀን ምን አደረጉ?» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ የሰጠሁት መልስ «በሚመጣው ሳምንት እንመለስበታለን» የሚል ነበር። አስተማሪ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

በማግሥቱም እንደ ብዙዎቻችሁ እስከ ረፋድ ተኛሁ። ስነሣ ግቢው ተጠርጎ፥ ቁርሱ ቀርቦ፥ ቡናው ተፈልቶ አገኘሁ። የዕረፍት ቀን እንዴት ደስ ይላል እያልሁ ሁለተኛውን ስኒ ስጠጣ የልጁ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በመጻሕፍት ስከታተል ቆየሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያገኘሁትን ነው፤ ለተማሪዬም ያለብኝን ዕዳ በዚሁ ልክፈል።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው በቺካጎ ከተማ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1886 ነው። በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዙፋን ላይ ያሉበት፥ አዲስ አበባም ገና ለመቆርቆር የተቃረበችበት ጊዜ መሆኑን ብታስቡ ዘመኑ ይቀርባችኋል። ቺካጎ ያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ ከየአቅጣጫው የሚገናኝባት፥ የከብት ማረጃው፥ የእንጨት መጋዘኑና የእርሻ መኪና ፋብሪካው የሞላባት ከተማ ነበረች። ከሠራተኞቿም ብዙዎቹ ከጀርመን፥ ከአየርላንድ፥ ከቦሄሚያና ከሌላም አገር የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የሥራው ቀን 10 ወይም 12 ሰዓት፥ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ የበለጠ ነበር። ከሳምንቱም ቀናት የሚታረፈው እሑድ ብቻ ነው።

ጧት 12 ሰዓት ሥራ የገባ ሰው 12 ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ማታ 12 ሰዓት ይወጣል። በዚያ አገር ደግሞ በክረምት ወራት ፀሐይ ዘግይታ ወጥታ ቀድማ ትጠልቃለች። ስለዚህ ሠራተኛው ከእሑድ በቀር የልጆቹን ፊት በቀን ብርሃን የማያይበት ወራት ነበር።

ታዲያ የሠራተኞቹ ጥያቄ ምን ነበር? ፋብሪካው የእኛ ይሁን አላሉም፤ አብዛኞቹ ይጠይቁ የነበረው ስለ ሰዓት ነው። እግዚአብሔር የሰጠው ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ነውና በሦስት እኩል ይከፈል፤ አንዱ እጅ ለሥራ፥ አንዱ ለዕንቅልፍ፥ አንዱም ሰውየው እንደ ወደደ ለሚያደርግበት ይሁን አሉ። ይህ አከፋፈል በቺካጎ የተፈጠረ አይደለም። የዌልስ ተወላጅ የሆነው የፋብሪካ ባለቤት ሮበርት ኦወን ቀደም ብሎ አስተምሮት ነበር። በአውስትራሊያም የሜልቦርን ከተማ ድንጋይ ጠራቢዎች እ.ኤ.አ. በ1856 ሥራ አቁመው የ8 ሰዓትን ቀን አግኝተው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ በተለይ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የምታገላብጡ ወዳጆቼ አድምጡኝ። የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት የ8 ሰዓትን ቀን በሕግ የደነገገው ገና እ.ኤ.አ. በ1867፥ ማለትም ከዚህ ሁሉ ግርግር 19 ዓመት አስቀድሞ ነው። ሕጉ ታተመ፤ ሕጉ ታወጀ፤ ሕጉ የሚጸናበትም ቀን ሜይ 1 ተባለ። ዳሩ ግን በውስጡ አንዲት ትንሽ ሐረግ ነበረችበት። የሐረጊቱ ፍሬ ነገር «አሠሪና ሠራተኛ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር» የሚል ነው። አሠሪዎቹም ወዲያውኑ «እንግዲያውስ እኛ ዘንድ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ከ8 ሰዓት በላይ ሊሠራ ይስማማል፤ የማይስማማ ይሂድ» አሉ። ልጆቹ የራቡበት ሰው የማይስማማበት ነገር የለምና ሕጉ በወረቀት ላይ ቀረ። አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህችን ሐረግ አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ የአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1884 በስብሰባቸው ላይ፥ ከሜይ 1 ቀን 1886 ጀምሮ የሥራው ቀን 8 ሰዓት ይሆናል ብለው ወሰኑ። ያም ቀን በደረሰ ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የሚገመቱ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከሁሉም የበረታው የቺካጎው ነበረ፤ በዚያ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በከተማይቱ ጐዳና ላይ ተሰለፈ። ቀኑ ቅዳሜ ነበረ፤ አንዳች ጠብም አልተነሣ።

ጠቡ የመጣው ሰኞ ሜይ 3 ቀን ነው። በማኮርሚክ የእርሻ መኪና ፋብሪካ በር ላይ፥ ሥራ ባቆሙት ሰዎችና በምትካቸው በገቡት መካከል ግርግር ተነሣ። ፖሊስም ተኰሰ፤ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ይህን በመቃወም በማግሥቱ ማክሰኞ ማታ ሃይማርኬት በሚባለው አደባባይ ስብሰባ ተጠራ። ሃይማርኬት ማለት የድርቆሽ ገበያ ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ መድረክ ስላልነበራቸው በጋሪ ላይ ቆመው ይናገሩ ነበር። የከተማይቱ ከንቲባ ካርተር ሃሪሰንም ራሱ መጥቶ አዳመጠ፤ ስብሰባው ሰላማዊ መሆኑን አይቶም ወደ ቤቱ ሄደ። ዝናብም አስጊ ስለነበረ የሕዝቡ የሚበዛው ክፍል ተበትኖ ነበር።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ የመጨረሻው ተናጋሪ ሳሙኤል ፊልደን ንግግሩን ሊጨርስ ሲቃረብ፥ ብዛታቸው 176 የሚሆን ፖሊሶች ተሰልፈው መጡና ሕዝቡ እንዲበተን አዘዙ። በዚህ ቅጽበት አንድ ሰው ቦምብ ወረወረ። ማን እንደ ወረወረው እስከ ዛሬ ድረስ አልታወቀም። ከዚያ በኋላ የሆነው በጨለማ ውስጥ የተኰስ እሩምታ ነው። 7 ፖሊሶች፥ ከሕዝቡም ቢያንስ 4 ሰዎች ሞቱ፤ የቈሰለው ግን ከዚህ እጅግ የበዛ ነው።

ከተማይቱ በቍጣና በፍርሃት ተናወጠች። ወርዋሪው ስላልተገኘ 8 ሰዎች በንግግራቸውና በጽሑፋቸው ምክንያት ተከሰሱ። ስማቸው አውገስት ስፓይስ፥ አልበርት ፓርሰንስ፥ አዶልፍ ፊሸር፥ ጆርጅ ኤንግል፥ ሉዊስ ሊንግ፥ ሚካኤል ሽዋብ፥ ሳሙኤል ፊልደንና ኦስካር ኒቤ ነው። እነዚህ ሰዎች በእምነታቸው አናርኪስቶች፥ ማለት መንግሥት አያስፈልግም የሚሉ ነበሩ፤ ንግግራቸውም ለስላሳ አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ቦምቡ ሲወረወር በስፍራው የተገኙት ከስምንቱ ስፓይስና ፊልደን ብቻ ነበሩ። ፓርሰንስማ አምልጦ ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ ጓደኞቹ ብቻቸውን ለፍርድ ሲቀርቡ ዝም ብሎ ማየት ስላልሆነለት ግን በራሱ እግር ተመልሶ ወደ ፍርድ ቤቱ ገባ።

የፓርሰንስ ሕይወት ለብቻው ታሪክ ነው። በልጅነቱ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ባርነት እንዳይፈርስ ከሚዋጋው ከደቡቡ ወገን ተሰልፎ ነበር። በኋላ ግን ልቡን መልሶ ነጻ ለወጡት ጥቍሮች መብት ቆመ። በባርነት እንደ ተወለደች የሚነገርላትን ሉሲን አግብቶም በዚያው ምክንያት ከቴክሳስ ወደ ቺካጎ ተሰደደ።

ፍርዱ የተሰጠው በኦገስት ወር 1886 ነው። በሰባቱ ላይ ሞት፥ በኒቤ ላይ የ15 ዓመት እስራት ተፈረደ። ፊልደንና ሽዋብ ምሕረት ለምነው ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሊንግ ሊሰቀል አንድ ቀን ሲቀረው በእስር ቤት ውስጥ ራሱን ገደለ። የቀሩት አራቱ፥ ስፓይስ፥ ፓርሰንስ፥ ፊሸርና ኤንግል፥ ኖቬምበር 11 ቀን 1887 ተሰቀሉ።

ከ6 ዓመት በኋላ ጆን ፒተር አልትጌልድ የሚባል ሰው የግዛቲቱ ገዥ ሆነ። የችሎቱን መዝገብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበ። ከዚያም ጁን 26 ቀን 1893 በሕይወት የቀሩትን ሦስቱን እስረኞች ፈታ። ምሕረት አድርጌላቸዋለሁ ብሎ ብቻም አላለፈም፤ ዳኞቹ አድልዎ ያላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ፥ ማስረጃውም በደልን እንደማያሳይ በጽሑፍ ገለጠ። ጋዜጦች ዘመቱበት፤ በሚቀጥለውም ምርጫ ተሸነፈ። አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን ሰው ብትፈልጉ እነሆ አልትጌልድ። ጠመንጃ አልያዘም፤ ሰልፍም አልወጣም፤ የቀረበለትን መዝገብ አንብቦ እውነቱን ጻፈ፤ ዋጋውንም ከፈለ።

እ.ኤ.አ. በ1889 ከብዙ አገር የመጡ የሠራተኞች ወኪሎች በፓሪስ ተሰብስበው፥ አሜሪካኖቹ ስለ 8 ሰዓት ሥራ በተነሡበት በሜይ 1 ቀን በየአገሩ በአንድነት ሰልፍ እንዲደረግ ወሰኑ። በ1890 የተደረገው ሰልፍ በየዓመቱ እየተደገመ በዓል ሆነ። የሚገርመው ግን ቀኑ የተወለደባት አሜሪካ ራሷ አታከብረውም። እ.ኤ.አ. በ1894 የአገሪቱ ምክር ቤት የሠራተኛው በዓል በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ እንዲሆን ደንግጓል።

በቺካጎም ለዚያች ማታ ሁለት ሐውልቶች ቆመውላት ነበር። አንደኛው በ1889 በአደባባዩ ላይ ለፖሊሶቹ የቆመው፥ ሁለተኛው በ1893 ከከተማ ወጣ ብሎ በመቃብራቸው ላይ ለተሰቀሉት የቆመው ነው። የፖሊሱ ሐውልት በ1969 እና በ1970 ሁለት ጊዜ በፈንጂ ስለ ተመታ ከአደባባዩ ተነሥቶ ዛሬ በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። በአደባባዩም ላይ በ2004 የጋሪ ቅርጽ ያለው አዲስ መታሰቢያ ተሠራ፤ ተናጋሪዎቹ ቆመውበት የነበረውን ጋሪ የሚያስታውስ ነው። አንዲት ከተማ ስለ አንዲት ማታ ለመስማማት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ይህ ቀን ወደ እኛ የመጣው በምን መንገድ ነው?

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። ይህ ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። በዚያው ወር አስቀድሞ የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎችና አስተማሪዎች ሥራ አቁመው ነበር። ነጂዎቹን ያስነሣቸው የቤንዚን ዋጋ መጨመር፥ አስተማሪዎቹን ደግሞ በትምህርት ላይ ሊደረግ የታሰበው ለውጥ ነው። ያ ዓመት ሳያልቅ ዘውዳዊው መንግሥት ወደ መጨረሻው ተቃረበ፤ የሠራተኞችም ቀን ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት በዓል ሆነ።

ዳሩ ግን በዓሉን ያገኘው ሠራተኛ ማኅበሩን አጣ። ደርግ የቀድሞውን ማኅበር አፍርሶ በምትኩ ራሱ የሚቈጣጠረውን አቆመ። በ1969 ዓ.ም.፥ ለሠራተኞች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ሚያዝያ 21 ቀን ማታ፥ በበዓሉ ቀን ተቃውሟቸውን ለመግለጽ ይዘጋጁ የነበሩ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ ተገደሉ። ከነርሱም ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሬሳቸው በየመንገዱ ተጥሎ አደረ። ከዚህ በኋላ በአብዮት አደባባይ ሰልፍ ሆነ፤ ቀይ ጨርቅም ተውለበለበ። ያ አደባባይ ዛሬ መስቀል አደባባይ ነው። በጠርዙም ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። ተማሪ የሆናችሁ ወዳጆቼ ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ብትመለከቱ፥ ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች መሆናቸውን ታያላችሁ። ከኋላ ወንበር ሆኖ የጠየቀኝ ልጅም ዕድሜው ያው ነው። እንደ እርሱ የጠየቀ ልጅ የተገደለበትን ቀን «በሚመጣው ሳምንት እንመለስበታለን» ብዬ ማለፌን ሳስብ አፈርሁ።

እንግዲህ 8 ሰዓት ዛሬ የት ደረሰ? እ.ኤ.አ. በ1919 የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱን በዚሁ በ8 ሰዓት ላይ አደረገ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ነገር ግን ወረድ ብዬ አዋጁ የማይመለከታቸውን ሰዎች ዝርዝር ስመለከት፥ በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የሚቀጠሩት የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በዚህ አዋጅ ሳይሆን ወደ ፊት በሚወጣ ደንብ መሆኑን አየሁ።

በዚያን ጊዜ ያ በበዓል ቀን የጠጣሁት ቡና ትዝ አለኝ።

የምኖረው በአንዲት ደግ ወይዘሮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ቁርስና እራትም ከነርሱ ቤት እበላለሁ። በቤቱ አንዲት ልጅ ታገለግላለች። አንድ ቀን ማታ እራቴን ይዛ ስትመጣ «ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አልኋት። «11 ሰዓት ነዋ ጋሼ፤ ውኃ ሳይሄድ መቅዳት አለብኝ» አለችኝ። «የምትተኚውስ?» አልኋት። ትንሽ ዝም አለችና «እርስዎ በልተው ዕቃውን ካጠብሁ በኋላ ነው» አለችኝ። ጊዜው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ቈጠርሁት፤ 17 ሰዓት ነው። በቺካጎ ሰው የተሰቀለው 12 ሰዓት በዝቷል ብሎ ነው።

በማግሥቱ ጉዳዩን ለእመቤቲቱ አነሣሁ። «እትዬ፤ ልጅቱ ትንሽ የምታርፍበት ጊዜ ብትሰጧት ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው። እሳቸውም ሳይቈጡ «ልጄ፤ እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ደግሞስ ስትገባ ተስማምታ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ያቺ ሐረግ እንዲህ ከኢሊኖይ መጥታ በእኛ ግቢ ተገኘች። እመቤቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስታመም ሾርባ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ክፉ ሰው ስለማይታየኝ ነው። ልጅቱን እስከ 4 ሰዓት የሚያስመሽ የኔ እራት መሆኑን እርሷ ራሷ ነግራኛለችና፥ እኔም ከደጎቹ ወገን ሆኜ አሠሪ ኖሬያለሁ።

ታዲያ ምን ተደረገ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አልተደረገም። እኔ አሁን እራቴን በ1 ሰዓት እበላለሁ፤ ሳህኔንም አጥባለሁ። እትዬም ጥቂት ቀን ካሰቡበት በኋላ እሑድ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ልጅቱ እንድታርፍ ፈቀዱ። በመጀመሪያው እሑድ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት በሩ ላይ ስትቀመጥ አየኋት፤ በሁለተኛው ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት እንደ ሄደች አልጠየቅኋትም። ከሦስቱ እጅ አንዱ፥ ሰው እንደ ወደደ የሚያደርግበት ነውና። ከ8 ሰዓት ገና ሩቅ ነን።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሚያዝያ 23 ቀን በደረሰ ቍጥር እንደ ልማዳችን እስከ ረፋድ ብንተኛ ማንም አይቈጣንም፤ ዕንቅልፉም ቢሆን የተከፈለበት ነው። ስንነሣ ግን ቡናው ከቀረበልን፥ ያፈላችው ስንት ሰዓት ላይ እንደ ተነሣች እንጠይቅ። በዚያች ቤት በዓሉ ገና አልገባም ይሆናል።

ተማሪዬም ሆይ፤ ይህን ካነበብህ መልሴ ይህ ነው። ሠራተኞቹ በዚያ ቀን ሥራ አቆሙ፤ የጠየቁትም ጊዜ ነበር። ስለ ዘገየሁብህ ይቅር በለኝ።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።